የ45 ዙር ሸክላን ቤት ውስጥ ወደ ዲጂታል መገልበጥ

ሸክላ ሊገለብጥ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። የድምፁ ዕጣ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በእጥበቱ፣ በመርፌውና በማጫወቻው ፍጥነት ይወሰናል። መርፌው ያላነሳውን ድምፅ የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። ነገሩ ለኢትዮጵያ ሸክላዎች ደግሞ ይብሳል። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቀጥሎም ካይፋ የተባለው ሌላ የሸክላ አሳታሚ ካወጧቸው ሥራዎች የሚበዙት ባለ 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ ሸክላዎች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በየቡና ቤቱና በየግብዣው ሲጫወቱ ስለኖሩ መርፌው የሚሄድበት መስመራቸው አርጅቷል።

የማጫወቻው ፍጥነት

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ቮልት ነው፤ 120 ወደ 220። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ብዛት) ግን አይነካውም። አሜሪካ 60 ሄርዝ፣ ኢትዮጵያ 50 ሄርዝ ነው። የቆዩ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ሄርዝ ስለሆነ 45 ዙሩ 37.5 ይሆናል፤ ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴት ድምፅ የወንድ ይመስላል። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተወሰደ ማጫወቻ 54 ዙር ይሮጣል። መፍትሔው የሞተሩን ፑሌጃ ለአገሩ ሄርዝ በተሠራው መቀየር፣ ወይም በአዳፕተር የሚሠራ ዲሲ ሞተር ያለው ማጫወቻ መጠቀም ነው። አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የትም ይሠራል።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በሸክላው መሐል በተለጠፈው ወረቀት ጠርዝ ላይ በቀላሉ የሚላቀቅ ትንሽ ምልክት ያድርጉ፤ መርፌው ሸክላው ላይ እያለ በስልክ ሰዓት 60 ሰከንድ ይያዙና ዙሩን ይቁጠሩ። 45 መሆን አለበት። 46 ከሆነ ዜማው ከአንድ ሴሚቶን (በኪቦርድ አጎራባች ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት) ሲሶ በላይ ከፍ ብሏል፤ አድማጭ ላያስተውለው ይችላል፣ አብሮ ኪቦርድ የሚመታ ሰው ግን ወዲያው ይይዘዋል። ማጫወቻው ማስተካከያ ከሌለው ከቀዱ በኋላ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ2.17 በመቶ ይቀንሱ።

ቀዳዳቸው ሰፊ፣ 38 ሚሊሜትር የሆኑ ሸክላዎች የመሐል ማስገቢያ ይፈልጋሉ። ያለ እሱ በግምት መሐል ላይ የተቀመጠ ሸክላ ድምፁ በየዙሩ ይዋዥቃል፤ ይህንን በኋላ ማስተካከል ፈጽሞ አይቻልም ማለት ይቻላል።

መርፌና ክብደት

ዕድሜው ያልታወቀ መርፌ ይቀየር። ኦዲዮ ቴክኒካ ለክብ መርፌ 500፣ ለሞላላ 300 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ኤቲ ቪኤም95 የሚባለው ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት አካል) ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ በአንዱ አካል ላይ ክብ፣ ሞላላ፣ እንዲሁም ለ78 ዙር ሸክላ የተሠራ ወፍራም መርፌ እየቀያየሩ መሰካት ይቻላል። ሁለት ዓይነት መርፌ መያዝ ቅንጦት አይደለም። አንዱ መርፌ ለዓመታት የፋቀውን የመስመር ክፍል ሌላው ቅርፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስለሚነካው፣ በሞላላው «ሰ» እና «ሸ» ላይ የሚንጫጫ ሸክላ በክቡ ሊለዝብ ይችላል። መሞከር ነው።

መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበትን ክብደት በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይለኩ፤ ለሞላላው ቪኤም95ኢ 2 ግራም፣ ቢበዛ 2.2 ነው። መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም የመጫን የድሮ ልማድ ይቅር። ሲበዛ ማቅለልም አይጠቅምም፤ የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቆርጣል።

እጥበት

አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ መስመሩ ውስጥ ማዕድን ስለሚተው አይሆንም። ዲስቲልዱን የመኪና ባትሪ ውሃ ከሚሸጡበት ከገዙ አሲድ አለመሆኑን ጽሑፉን አንብበው ያረጋግጡ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ክዳን ሸፍነው፣ ብሩሹን መስመሩን ተከትለው በክብ እየወሰዱ ይጥረጉ፤ ከመሐል ወደ ዳር አይደለም። ከዚያ ሳሙና በሌለው ዲስቲልድ ውሃ ያለቅልቁና አቁመው ያድርቁት። የጣት ቅባትና የሲጋራ ጥቀርሻ እምቢ ካለ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ይቀላቅሉ። (በአረቄ የሚጠርግም አይጠፋም፤ አረቄ ከአልኮሉ ሌላ ብዙ ነገር አለበት፣ ባይሞከር ይሻላል።) 78 ዙር ሸክላ ላይ ግን አልኮል ጠብ እንዳይል፤ የተሠራበትን ነገር ያሟሟዋል።

የተጣመመ ሸክላ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ይብስበታል።

ገመዱ

ከካርትሪጁ የሚወጣው ድምፅ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሸክላው ሲቆረጥ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው። ይህን የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ማጉያ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍ። ጭራሽ ካላለፈ ድምፁ ደካማና ቆርቆሮ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ካለፈ ደግሞ እየተቀደደ ያጓራል። ስለዚህ ማጫወቻው ጀርባ ላይ «ፎኖ/ላይን» የሚል ማብሪያ ካለ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳን አይጠቀሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ከልክ በላይ ያጎላዋል። ዋጋው የማያስደነግጥ አማራጭ ቤህሪንገር ዩኤፍኦ202 የተባለው የድምፅ ማስገቢያ መሣሪያ ነው፤ ፎኖ ፕሪአምፑን በውስጡ ይዟል፣ በዩኤስቢ ይሰካል። የሚቀዳው በ16 ቢት ጥራት ብቻ ነው፤ የሸክላው የራሱ ጫጫታ ከዚያ ስለሚበልጥ ግን ጉዳት የለውም። ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ሰው ለብቻው ፕሪአምፕ ጨምሮ በ24 ቢት ይቀዳል።

«እምምም» የሚል ድምፅ ከሰሙ ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አልታሰረም ማለት ነው፤ ፕሪአምፑ ላይ ባለው ቡሎን ይሰሩት። ካልጠፋ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ፍሪጅ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ማጫወቻ መሰካት በየመሐሉ «ቀጭ» ያሰኛል፤ ይህ በቅጂው ላይ ሲሰማ ጭረት ስለሚመስል ሰውን ብዙ ያደክማል።

መቅዳት

ኦዳሲቲ ነፃ ነው፤ ይበቃል። 48 ኪሎኸርዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት፣ ሁልጊዜም ስቴሪዮ ይምረጡ፤ ሸክላው ሞኖ ቢሆንም። በዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር ውስጥ «ኢንሃንስመንት» የተባለውን ሁሉ ያጥፉ። የዘፈኑን ጮክ ያለ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትራምፔቶቹ የሚገቡበትን፣ አስቀድመው ያጫውቱና ከፍተኛው ድምፅ −6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያስተካክሉ። 0 የነካ ድምፅ ተቆርጧል፤ እንደገና መቅዳት ነው።

ስፒከር ጠፍቶ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው አድርጎ ወደ መርፌው ይመለሳል። መርፌው ከመቀመጡ በፊት መቅዳት ይጀምሩ፤ ከዘፈኑ በፊት ያለው ባዶ መስመር ኋላ ያስፈልጋል። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ አንድ ደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ገጽ 4 ደቂቃ ቢሆን 100 ሸክላ 14 ጊጋባይት አይሞላም። ይህን ጥሬ ፋይል ምንም ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ማጽዳቱ በቅጂው ላይ ይሁን።

ማጽዳት

ሞኖ ከሆነ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ለየብቻ ያዳምጡ። ብዙ ጊዜ አንደኛው የመስመሩ ግድግዳ ከሌላው የበለጠ ተጎድቷል፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከተሰማ ደህናውን ብቻ ያስቀሩ። እኩል ከሆኑ ሁለቱን ወደ ሞኖ ይቀላቅሉ፤ ሙዚቃው ይቀራል፣ ከላይ ወደ ታች ያለው የመርፌ ንዝረት ጫጫታ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከየትኛውም ማጣሪያ ይልቅ ይህ እርምጃ ይጠቅማል።

ለጭረት በኦዳሲቲ ያለው «ክሊክ ሪሙቫል» የሚነሣው ከሁለት ቁጥሮች፣ ከ200 (ጭረት የሚለይበት ደረጃ) እና ከ20 (የጭረቱ ስፋት) ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ የሳክስፎንና የትራምፔት ሹል ድምፅ፣ የክራር ጅማት ምቱም ለፕሮግራሙ ጭረት ይመስለዋል። ለማረጋገጥ ያልጸዳውን ትራክ ከጸዳው ሥር ያስቀምጡ፣ አንዱን «ኢንቨርት» ያድርጉና አብረው ያጫውቱ። የሚሰማው የተወገደው ብቻ ነው። «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ ትራምፔት ከተሰማበት የመጀመሪያውን ቁጥር ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። የቀሩትን ትላልቅ ጭረቶች በእጅ፣ አጉልተው፣ ከ128 ናሙና (የዲጂታል ድምፁ ነጥቦች) ያልበለጠ መርጠው በ«ሪፔር» ያስተካክሉ።

ለሽሽታው («ሽሽሽ» ለሚለው ጫጫታ) ከዘፈኑ በፊት ካለው ባዶ መስመር አንድ ሰከንድ ናሙና ይውሰዱና ከ6 ዴሲቤል በላይ አይቀንሱ። ከዚያ ካለፈ የመሲንቆው ፍቅታና የዋሽንቱ ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ትንሽ ሽሽታ መተው ይሻላል።

መርፌው አንድ ቦታ ላይ የሚደጋግም ከሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ለየብቻ ቀድተው ይቀጥሉ፤ የጎደለው ምት ካለ ከሌላ አዝማች ተበድሮ ይሞላል። በመጨረሻ ከፍተኛውን ድምፅ ወደ −1 ዴሲቤል ያምጡና በፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ ፋይሉን በሚያሳንስ ዓይነት) ያስቀምጡ። ለስልክና ለመኪና 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ይበቃል።

ስምና ቁጥር

በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይዘሉ ይጻፉ፤ የአምሃ ሸክላዎች «ኤኢ»፣ የካይፋ «ኬኤፍ» ብለው ይጀምራሉ። ያንኑ ቁጥር በፋይሉ ስም መጀመሪያ፣ ከጎኑም ገጽ ሀ ወይም ለ ያድርጉ። ርዕሱን ሸክላው ላይ በታተመው ፊደል ይጻፉና በአስተያየት ቦታው የተለመደውን አጻጻፍ ይጨምሩ፤ በ«ሀ» እና በ«ሐ»፣ በ«ሰ» እና በ«ሠ» ምክንያት ፍለጋ ላይ የሚጠፋ ዘፈን ብዙ ነው። ዓመት ሲሞሉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ይለዩ፤ ካልተለየ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባል። ወረቀቱንና ሽፋኑን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርገው እዚያው ፎልደር ውስጥ ይክተቱ።

ጥሬውን ፋይል አንድ ዲስክ ላይ፣ የጸዳውን ሌላ ላይ ማድረግ ሁለት ቅጂ አይደለም። ሁለቱም በሁለቱም ዲስክ ይኑሩ፤ አንደኛው ዲስክም ሌላ ቤት ይቀመጥ። ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ግን የዘፈኑን ባለመብቶች ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።