የፍሎራይድ መለኪያ ሙሙት፦ ስሌቱና አዘገጃጀቱ

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኙት በአዳማና በወንጂ አካባቢ የበለዘ ጥርስ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ መንሥኤውም ከከርሰ ምድር በሚወጣው ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም በመሆኑ፣ በአዳማ የጉድጓድ ውሃ የሚመረምር ባለሙያ መሣሪያውን የሚያስተካክልበት፣ ክምችቱ (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን) በትክክል የታወቀ ሙሙት፣ ማለትም ፍሎራይድ የሟሟበት ውሃ፣ ያስፈልገዋል።

መነሻው በሊትር 1000 ሚሊግራም ፍሎራይድ የያዘ ሙሙት ነው። የሚመዘነው ግን ሶዲየም ፍሎራይድ የተባለው ዱቄት እንጂ ፍሎራይድ ብቻውን አይደለም፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞል (በኬሚስትሪ የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ሶዲየም ፍሎራይድ 41.99 ግራም ሲመዝን የፍሎራይዱ ድርሻ 19.00 ግራም ነው። ስለዚህ 1 ግራም ፍሎራይድ ለማግኘት 41.99 ለ19.00 ተካፍሎ 2.210 ግራም ዱቄት ይመዘናል። በሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ባለው የሞል ብዛት) ከተፈለገ 2.210 ለ41.99 ይካፈላል፤ በሊትር 0.0526 ሞል ይሆናል። በዕቃው ላይ ንጽሕናው 99 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ 2.210 ለ0.99 ተካፍሎ 2.232 ግራም ይመዘናል።

ይህን ድርሻ ረስቶ 1 ግራም ዱቄት ያሟሟ ሰው በእጁ ያለው በሊትር 452 ሚሊግራም ብቻ ነው። በዚህ ሙሙት የተስተካከለ መሣሪያ 1.5 ሚሊግራም ያለበትን ውሃ 3.3 ብሎ ያነባል፤ ሊጠጣ የሚችል ጉድጓድም ያለ ጥፋቱ ይዘጋል።

ዱቄቱ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ይመዘናል፤ መርዛማ በመሆኑ ጓንት ይደረጋል፣ ሙሙቱም በፒፔት (ፈሳሽ ተለክቶ በሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ) ሲቀዳ በአፍ ፈጽሞ አይሳብም። በጥቂት የተጣራ ውሃ ከሟሟ በኋላ ብልቃጡ እስከ 1 ሊትር ምልክቱ ድረስ ይሞላል እንጂ 1 ሊትር ውሃ ለብቻው ተለክቶ አይጨመርበትም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚሠመረው ለ20 ዲግሪ ነው፤ የአዳማ የቀትር ሙቀት ከዚህ ቢያልፍም የሚያመጣው ስሕተት ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ፣ ጭንቀቱን ለሚዛኑ ማዋል ይሻላል።

ለማቅጠን የመነሻው ክምችት በሚቀዳው መጠን ሲባዛ፣ ከሚፈለገው ክምችትና ከመጨረሻው መጠን ብዜት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከ1000 ወደ 1.5 በአንድ ጊዜ ለመውረድ ለ100 ሚሊሊትር 0.15 ሚሊሊትር ብቻ መቅዳት ያሻል፤ ይህም በተራ ፒፔት በትክክል የሚቀዳ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ 10 ሚሊሊትር ወደ 100 ይሞላና በሊትር 100 ሚሊግራም ይገኛል፤ ከዚህ 1.5 ሚሊሊትር ተቀድቶ እንደገና ወደ 100 ይሞላል።

ፍሎራይድ መስታወትን ሊበላ ስለሚችል ሙሙቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ በላዩም ከቀኑ ጋር “በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም ፍሎራይድ” ተብሎ ይጻፋል፣ “ሶዲየም ፍሎራይድ” ተብሎ አይደለም።