ጋይሮስኮፕ የጠፈር መንኮራኩር ይገፋ እንደሆነ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈተሽ

ያለ ነዳጅ፣ በሚሽከረከር ጎማ (በጋይሮስኮፕ) ብቻ የጠፈር መንኮራኩር የሚገፋ ሞተር ተሠራ የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ብቅ ይላል። ሰው ቢያምን አይገርምም። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ኤሪክ ሌይትዌይት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋይሮስኮፕ ለኒውተን የእንቅስቃሴ ሕግ አይገዛም ብለው በትልቅ መድረክ ተከራክረዋል፤ ኋላ ግን እንደሚገዛ ራሳቸው ተቀብለዋል። ስለዚህ ራሳችሁ ፈትሹት።

መጀመሪያ ኩሽኔታው ያላለቀ የብስክሌት የፊት ጎማ ፈልጉ። የመጫወቻ ጋይሮስኮፕ አትግዙ፤ ቀላል ስለሆነ ኃይሉ እጅ ላይ አይሰማም። በሚዞር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንሡ፣ ዘንጉን በሁለት እጅ ያዙ፣ ሌላ ሰው ጎማውን በደንብ ያሽከርክርላችሁ። ዘንጉን ስታዘነብሉት ወንበሩ ይዞራል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም አቅጣጫውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ አራት ጋይሮስኮፖች አሉት፣ የእያንዳንዱ ጎማ 100 ኪሎ ገደማ ሆኖ በደቂቃ 6,600 ጊዜ ይሽከረከራል። ልብ በሉ፣ ወንበሩ ዞረ እንጂ ከቦታው ፈቀቅ አላለም።

ቀጥሎ የሚሽከረከረውን ጎማ ከዘንጉ በአንድ ጫፍ ብቻ በገመድ አንጠልጥሉት። አይወድቅም፤ ክብደቱ የጠፋ ይመስላል። ገመዱ ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን ብታስገቡ ግን፣ መወዛወዙ ሲረጋ ክብደቱ ያው ነው።

ጣጣው ያለው «ወደፊት ይሄዳል» የተባለ መሣሪያ ስትፈትሹ ነው። በፍጹም ወለል ላይ አትፈትሹት! ውስጡ ያለው ክብደት ወደ አንድ በኩል ቀስ ብሎ ሄዶ ወደ ሌላው በድንገት ከተወረወረ፣ ቀስ ያለውን ግፊት የወለሉ ሰበቃ ይይዘዋል፣ ድንገተኛው ግን ሰበቃውን ያሸንፋል፣ መሣሪያው ይንፏቀቃል። የገፋው ወለሉን ነው። ጠፈር ላይ ወለል የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ፓተንት ያገኘው የአሜሪካዊው ኖርማን ዲን ማሽንም ብዙ ያስወራ ነበር፤ የፊዚክስ ሰዎች የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ሰበቃ ነው።

ስለዚህ ከኮርኒስ ሳይሆን ከጠንካራ ወራጅ ላይ፣ 2 ሜትር በሚሆን ገመድ አንጠልጥሉት። ባትሪው አብሮት ይንጠልጠል፤ ከውጭ የሚመጣ ሽቦ ራሱ ይጎትተዋል። ጎማው የሚያነሣው ንፋስ እንዳይገፋው በካርቶን ዝጉት። ቆሞ ሳለ በትክክል ከሥሩ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉና አስነሡት። ይወዛወዛል፤ አትደንግጡ። የምትፈልጉት የውዝዋዜውን መሃል ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ የ10 ግራም ክብደት ያህል እንኳ ያለማቋረጥ ቢገፋ፣ መሃሉ 1 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ ካለ መሣሪያውን ፊቱን አዙሩት። አሁንም ወደዚያው ከሄደ የክፍሉ ንፋስ ነው።

የጠፈር ጣቢያው ጋይሮስኮፖችም ቢሆኑ ጭነቱ ሲበዛባቸው አቅማቸው ይሞላል። ያን ጊዜ የሚያቃልልላቸው ነዳጅ የሚያቃጥል ሮኬት ነው።