«ለአባዬ አንቺ ንገሪልኝ» እና ሌሎች ስህተቶች

ከቤት የወጣች ልጅ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰዓቱ አይታወቃትም። ስልኩ አባት ጋ ሲደርስ ግን «ደህና ነህ? ጤናህስ? በል ቻው» ብቻ ይሆናል። ወሬው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

«እንዳይጨነቅ ብዬ ነው።» ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሥራ ለቀሻል፣ ሐኪም ምርመራ አዞልሻል፣ ወይም ከባልሽ ጋር ተለያይታችኋል። ነገሩ እስኪለይለት ትደብቂዋለሽ። ወሬ ግን ተደብቆ አይቀርም፤ አንድ ቀን ከአክስትሽ ይሰማዋል። ያኔ ዜናው ብቻ አይደለም የሚያመው። ሁሉም አውቆ እሱ መጨረሻ መስማቱ ይብሳል። ዜናውን ይችለዋል፣ ይሄኛውን ግን ቶሎ አይረሳውም። ደግሞ ነገሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለብሽም። «አባዬ፣ ምርመራ ታዞልኛል። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል፣ እንዳወቅኩ እደውልልሃለሁ» በቂ ነው። ብቻ ሐሙስ ደውዪ!

በእናት በኩል መላክም ያው ነው። እናት የራሷን ፍርሃት ትጨምርበታለች፣ ወይ ደግሞ ለማቅለል ብላ ግማሹን ታስቀረዋለች። አባት ጥያቄ ሲኖረው የሚጠይቀው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ መልሱ የላትም። የምሥራች ሲሆንም ቢሆን መጀመሪያ ደውዪለት። ቀለበት ያሰርሽበትን ፎቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይቶ፣ ከአጎት ልጆች ተርታ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ እንዲጽፍ አታድርጊው።

«እንዳትደነግጥ» ብሎ መጀመር። ይሄን ሰምቶ ያልደነገጠ አባት የለም። ደህና የሆነውን አስቀድሚ፦ «ሁላችንም ደህና ነን። መኪናው ነው የተጋጨው።» ዜናው ከባድ ከሆነ ከሐኪሞች የምንማረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ ስፓይክስ የሚባል ባለ 6 እርከን ዘዴ አላቸው። አንዱ እርከን፣ ከመናገር በፊት ሰውየው የሚያውቀውን መጠየቅ ነው። «ስለ ወንድሜ የሰማኸው ነገር አለ?» በይው። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሰምቷል፤ ያውም ተጋንኖ።

«እሺ፣ እሺ» ስላለ ሰምቷል ብሎ ማሰብ። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ነው፤ እነ ሰ እና ፈ ይደበዝዙበታል። የተለመደው የስልክ መስመር ደግሞ በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ያለውን ድምፅ ብቻ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ የቀጠነው ይቀራል። ብትጮሂ ብዙም አይጠቅምም። ረጋ ብለሽ አውሪ፣ ከጫጫታ ውጪ፣ ከተቻለ አፍሽን እንዲያይ በቪዲዮ አድርጊው። ቀንና ቀጠሮ በጽሑፍ ላኪለት።

ያንቺ ያልሆነውን መናገር። እህትሽ ማርገዟን ካልነገረችው ምክንያት አላት። ፅንስ የሚወርደው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ነው። ተያት፣ ራሷ ትንገረው።

አባቶችም ከጥፋት ነፃ አይደሉም። ልጅ «ሥራ ለቀቅኩ» ስትል፣ ገና ሳትጨርስ «ማን ልቀቂ አለሽ?» የሚል አባት ቀጣዩን ወሬ ከሌላ ሰው ነው የሚሰማው። «ከዚያስ?» ቢላት ቀሪውን ራሷ ታወራዋለች። የራሱን እግር እብጠት ለወር ደብቆ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ መቆጣቱ ደግሞ ትንሽ ይበዛል።