የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ሴል እንዴት ይቀየራል?

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ቻርጅ መያዝ አቁሟል። ከመጣሉ በፊት ግን ውስጡን እንወቅ። ከላፕቶፑ ጀርባ ተነቅሎ በሚወጣው ወፍራም ባትሪ ውስጥ ያሉት የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ የሊትየም አዮን ሴሎች ናቸው። 18650 ይባላሉ፤ ውፍረታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያረጁት እነሱ ናቸው፤ አብሯቸው ያለው፣ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቦርድ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል።

ላፕቶፕዎ ቀጭን ከሆነና ባትሪው እንደ ፖስታ ጠፍጣፋ ከረጢት ከሆነ ግን አይንኩት። ያ ከረጢት ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል። ለእሱ ሙሉውን ባትሪ ይግዙ።

ሥራው የሚጀምረው ከግዢው ነው፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። የባትሪውን ጀርባ ያንብቡ። 10.8 ወይም 11.1 ቮልት ካለ ሦስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ 14.4 ወይም 14.8 ካለ አራት ናቸው። 11.1 ቮልት ሆኖ 6 ሴል ያለው ደግሞ ሦስት ጥንድ ነው ማለት ነው፦ ጎን ለጎን የታሰሩት ሁለቱ አቅም ይጨምራሉ፣ ተከታትለው የታሰሩት ሦስቱ ቮልቴጅ ይጨምራሉ።

በሴል ላይ 6800 ወይም 9900 ሚሊአምፒር አወር (የአቅም መለኪያ ነው) ተጽፎ ካዩ ጽሑፉ ውሸት ነው። በዚህ መጠን ባለው ሴል ከ3500 ብዙም የሚያልፍ የለም። እኔ ይህን ሳላውቅ 9900 የተጻፈባቸውን 6 ሴሎች ገዝቼ፣ ቀኑን ሙሉ ደክሜ ስጨርስ ላፕቶፑ 20 ደቂቃ እንኳ ሳይሠራ ጠፋ። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ልፋቱም አንገበገበኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም። ደህና ሴል 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የተጭበረበረው ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ይቀላል። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ለዚህ ይበቃል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚገኝ አሮጌ ዕቃ ሴል ፈልቅቆ መጠቀምም ይቻላል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው። በቴስተር ሲለካ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን ይተዉት፤ ውስጡ ተጎድቷል፣ ቻርጅ ሲደረግም አደጋ አለው። የቀሩትን ለሊትየም አዮን በተሠራ ቻርጀር እስከ 4.2 ቮልት ሞልተው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጧቸው። ከ4.1 በታች ወርዶ የተገኘ ሴል ሳይነካ ቻርጁ የሚፈስ ነውና አይሆንም። አዲስና አሮጌ፣ ወይም የተለያየ ሞዴል ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ጥንድ በሬ ሲያርስ አንዱ ከደከመ ሁለቱም እንደሚቆሙ ሁሉ፣ ባትሪውም ደካማው ሴል ባለቀበት ቦታ ያልቃል።

ለሥራው ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒኬል ቁራጭና ስፖት ዌልደር (ኒኬሉን ሴሉ ላይ የሚበይድ መሣሪያ) ያስፈልጋል። በሶልደር ሴሉን በቀጥታ መበየድ አልመክርም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል። ስፖት ዌልደር ከሌለዎት ብየዳውን ብቻ መሣሪያው ላለው ጥገና ቤት ይስጡ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ብዙ ሱቆች ስለተነሡ፣ የድሮ ደንበኛዎ የት እንደገባ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቀለበትና ሰዓትዎን ያውልቁ። ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ተጠቅመው ባትሪውን ያራግፉ። ብረት ባልሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ በረንዳ ላይ ይሥሩ፤ አጠገብዎ አንድ ባልዲ አሸዋ ይኑር። ሴል ከጨሰ ጢሱ መርዛማ ነውና ይራቁ።

የባትሪውን ሽፋን በመጋጠሚያው በኩል በፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያሉ ይክፈቱ። ካቻቢቴ ወደ ውስጥ አይስደዱ። የሴሉ ፖዘቲቭ አንዱ ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ቆርቆሮ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የሚሸፍነውም ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። አንድ ጭረት ሁለቱን ሊያገናኝ ይችላል።

ምንም ሳይቆርጡ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ። ከቦርዱ ወደ ሴሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች ከዋናው ኔጌቲቭ ተነሥተው አንድ በአንድ ይለኩና ቮልቱን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሴል ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጥቁር ፍሬ ካለች ሙቀት የምትለካው እሷ ናት፤ ቦታዋን ያስታውሱ።

ሲነቅሉ ከከፍተኛው ቮልት ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ ኔጌቲቩ የመጨረሻው ይሁን። ሲመልሱ ግልባጩ ነው፦ ኔጌቲቭ መጀመሪያ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ። አንዳንድ ቦርድ ኃይል ሲቋረጥበት ራሱን ይቆልፋል፤ የሚከፈተውም በልዩ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የባትሪዎን ሞዴል የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቁ። ይቆልፋል ከተባሉ ሥራውን ለእሱ ይተዉለት።

አዲሶቹን ሴሎች ጎን ለጎን ከማሰርዎ በፊት ሁሉንም እኩል ይሙሏቸው። በመካከላቸው ከ0.05 ቮልት የበለጠ ልዩነት ካለ፣ ሲገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ኃይለኛ ከረንት ሊፈስ ይችላል። በየፖዘቲቩ ጫፍ ላይ መከለያ የወረቀት ቀለበት አድርገው መጀመሪያ ጥንዶቹን፣ ከዚያ ተከታታዩን ያስበይዱ። በየደረጃው እንደገና ይለኩ፤ ቅደም ተከተሉ ቀድሞ ከጻፉት ጋር ሊመሳሰል ይገባል። ካልተመሳሰለ ቦርዱን አያገናኙ።

ሙቀት የምትለካዋን ፍሬ ወደ ቦታዋ ይመልሱ፣ በናስትሮ ያጣብቋት፣ ሽፋኑን ይለጥፉ። ባትሪው ኃይል ካልሰጠ ቻርጀር ላይ ይሰኩት፤ ብዙ ቦርድ የሚነቃው እንዲያ ነው። የመጀመሪያው ቻርጅ ሲሞላ አጠገቡ ይቀመጡ እንጂ ተኝተው አይተዉት። እጅ የማያስችል ሙቀት ከተሰማዎት ወዲያው ይንቀሉ።

ላፕቶፑ መጀመሪያ ላይ የተሳሳተ ፐርሰንት ሊያሳይ ይችላል፤ ቦርዱ የሚያስታውሰው የአሮጌዎቹን አቅም ነው። ሙሉ ሞልተው ራሱ እስኪጠፋ ይጠቀሙና መልሰው ይሙሉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም አብዛኛው አዲሱን አቅም ይማራል።

የወጡትን አሮጌ ሴሎች ሰፈር ገንዳ ውስጥ አይጣሉ፤ ሲጨፈለቁ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። የእያንዳንዱን ሁለት ጫፍ በናስትሮ ሸፍነው፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ያኑሯቸውና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስብ ሰው ይስጡ።