ፎርም ሳይሞሉ መሄድና ሌሎች ስህተቶች፦ ድሬዳዋና ሐረማያ ለተመደቡ ተማሪዎች

ድሬዳዋ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መካከል ትምህርቱ ከብዷቸው የሚወድቁ አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግቡኝ ግን ማለፍ እየቻሉ አንድ ወረቀት ባለመሙላታቸው ወይም አንድ ቀጠሮ በማሳለፋቸው ከመንገድ የሚቀሩት ናቸው። አገልግሎቱ በየግቢው አለ፤ ሬጅስትራሩ (የተማሪ መዝገብ ቢሮው)፣ የተማሪዎች ዲን ቢሮ፣ ክሊኒኩ፣ የምክር አገልግሎቱ። ተማሪው እግሩን አንስቶ ካልሄደ ግን ዶርም ድረስ መጥቶ የሚጠራው የለም።

ፈቃድ ሳይወስዱ ትምህርት አቋርጦ መሄድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በሴሚስተሩ አጋማሽ ከቤት ይደወላል፤ አባት ታመዋል፣ ወይም አርፈዋል። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ ይወጣል። ለዶርም ጓደኞቹ “ለመምህራኖቼ ንገሩልኝ” ይላቸዋል፤ እነርሱም አደራቸውን ይወጣሉ፤ መምህራኑም ከልባቸው ያዝናሉ። ይሁን እንጂ በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የልጁ ስም በተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ የፈተናው ቀን ሲደርስ አይገኝም፤ ውጤቱም ኤፍ ሆኖ ይመጣል። በዓመቱ ከቀበሌ ያጻፈውን የሐዘን ማስረጃ ይዞ ሲመለስ ወረቀቱ እውነት ነው፣ ሐዘኑም እውነት ነው፤ ማመልከቻው ግን ጊዜው አልፎበታል። አንድ ልጅ አባቱንም ትምህርቱንም በአንድ ዓመት ሲያጣ ማየት ልብ ይሰብራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት ነው።

መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ከሬጅስትራር የዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ) ፎርም ወስዶ ምክንያቱን መጻፍ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊውን ማስፈረም፣ ከዚያ ክሊራንስ መዞር፣ ማለትም ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለ ማስፈረም፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ምግብ ቤት፣ ስፖርት ክፍል። መታወቂያና የምግብ ካርድ ይመለሳል። ፊርማውና ማኅተሙ ያረፈበት ቅጂ የግድ ከተማሪው እጅ መቅረት አለበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ሲጠይቅ ጉዳዩን የሚያስረዳለት እርሱ ነው። ሐዘኑ ፋታ ካልሰጠ ደግሞ ልጁ ቤቱ እንደደረሰ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወይም ለአማካሪ መምህሩ ራሱ ደውሎ በወኪል ምን ማስጨረስ እንደሚቻል ይጠይቅ። ቤተሰቦችም ይህን እወቁልን፤ ልጃችሁን በለቅሶ ስትጠሩ “አስፈቅደህ ና” የምትለዋ አንዲት ቃል አትቅርባችሁ።

ታምሞ ዶርም ውስጥ መተኛት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወባ ያጠቃታል፤ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ገብተው ብዙ ሰው አሳምመዋል። ከደጋ የመጣ ተማሪ ትኩሳት ሲይዘውና መገጣጠሚያው ሲቆረጣጠም ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ ይተኛል። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው የጤና ነው፤ ሕመሙ ዴንጊ ከሆነ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች የመድማት አደጋን ያባብሳሉ፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ መዋጥ አይገባም። ሁለተኛው የትምህርት ነው። በሕመም ምክንያት ያለፈን ፈተና በሜክአፕ (በምትክ ፈተና) ለመፈተን የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው የሚገኘው ደግሞ በታመሙበት ቀን ካርድ አውጥተው ከታዩ ነው። ከተሻላችሁ በኋላ “ባለፈው ሳምንት ታምሜ ነበርና ጻፉልኝ” ብትሉ ክሊኒኩ ሊጽፍላችሁ አይችልም፤ ባይጽፍም ልክ ነው።

ሐረማያ ለሚገቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ምሥራቅ ሁሉ ሙቀት ነው ብለው ብርድ ልብስ ሳይዙ የሚመጡ አሉ። ዋናው ግቢ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ሐረር ከተማ ውስጥም አይደለም፤ ወደ ሐረር ሲኬድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ይገኛል። ሐረር ያለው በሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚማሩት የጤና ተማሪዎች ግቢ ነው።

ዲፓርትመንትን በወሬ መምረጥ

ምደባው የሚሠራው በአብዛኛው በተማሪው ምርጫና በፍሬሽማን (በመጀመሪያ ዓመት) ውጤት ነው። ስለዚህ “የመጀመሪያው ሴሚስተር መለማመጃ ነው” የሚለው ምክር ስንቱን ልጅ ከሚወደው ሙያ እንዳራቀ መናገር ይከብደኛል። ሌላው ስህተት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምርጫዎች አስቦ መሙላትና የቀሩትን እንደመጣ መደርደር ነው፤ ብዙ ልጆች የሚደርሳቸው ከእነዚያው ከቀሩት ነው። “ሥራ የለውም” የሚለውን ወሬ ከመቀበል በፊት ወደ ዲፓርትመንቱ ሄዶ የኮርሶቹን ዝርዝር መጠየቅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪን ደብተር መግለጥ ይሻላል። የአካባቢውንም ሥራ ማየት ነው። ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ዛሬም የጅቡቲ መስመር፣ ደረቅ ወደቡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጣና እዚሁ ናቸው። ሎጂስቲክስ፣ አካውንቲንግ ወይም መካኒካል ምህንድስና የሚያጠና ልጅ ለልምምድ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም።

የድጋፍ ቢሮዎችን የደካሞች አድርጎ ማየት

ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠውን ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) “ሰነፍ ይሉናል” ብለው የሚሸሹ ጎበዝ ልጆች አሉ። ሰው ምንም ቢል ይበል፤ ቱቶሪያሉ የሚሰጠው ካልኩለስ ነው፣ ካልኩለስ ደግሞ ለሁሉም ይከብዳል። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የልዩ ፍላጎት ክፍል ሄደው ይመዝገቡ፤ የፈተና አንባቢም ሆነ ተጨማሪ ሰዓት አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ ምግብ የተወ ጓደኛ ካላችሁ “ሂድ” ብላችሁ አትተዉት፤ አብራችሁት እስከ ምክር አገልግሎቱ በር ሂዱ።

በአጭሩ የሚነገሩም አሉ። ጫት በቀላሉ በሚገኝበት በዚህ አካባቢ ሌሊቱን ቅሞ ማጥናት የተለመደ ሆኗል፤ ጠዋት ፈተና ላይ የሚቀመጠው ግን እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ነው። ውጤት ላይ ቅሬታ ካለ ማመልከቻው በአካዳሚክ ካላንደሩ በተቀመጡት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። የወጪ መጋራት ውልም ሳይነበብ አይፈረምም፤ በደንቡ መሠረት ተመራቂው ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ ነው።

የመውጫ ፈተናን ለመጨረሻው ወር ማቆየት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ይህን ፈተና 50 ከመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት። የሚጠየቀው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከተማረው ጭምር ስለሆነ ኮርስ ባለቀ ቁጥር ሀንድአውትና ደብተር እየጣሉ መሄድ በኋላ ያስከፍላል። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ የሞዴል ፈተና ቀን የቀረ ተማሪ የዋናው ዕለት ከማውዙ ጋር ሲታገል ደቂቃዎቹ ይሄዱበታል። ያላለፈም ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ዘግቶ አይቅር። ደግሞ መፈተን ይቻላልና የዲፓርትመንቱን ማስታወቂያ እየተከታተለ፣ ምዝገባው ሲከፈት ወዲያው ይመዝገብ።