አሮጌ ስቴሽን ዋገን በርካሽ ሲገኝ

ለዕለት ተዕለት የሚሆን ርካሽ ስቴሽን ዋገን ዓይናችሁ ገብቷል? ዋጋውን ለጊዜው እርሱት። ቀድማችሁ የኋላውን በር ክፈቱ።

የጭነት ቦታውን ምንጣፍ ገልጣችሁ፣ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥበት ወይም ዝገት ካለ ውሃ የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የበሩ ማሸጊያ ጎማ ወይም የኋላ መብራቱ ማሸጊያ ነው። ከዚያ የኋላውን መጥረጊያና የታርጋ መብራቱን ሞክሩ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በማጠፊያው በኩል የሚያልፉት ሽቦዎች ስለሚታጠፉ በጊዜ ብዛት ይበጠሳሉ። ይሄ እንኳን ቀላል ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማል።

ከኋላ ዝቅ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዶቹ ጭነት ሲበዛባቸው የኋላ ከፍታቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው፤ ለምሳሌ መርሴዲስ ደብልዩ 124 ስቴሽን ዋገን ከኋላ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) ነው የሚሠራው። እሱ ሲበላሽ ጥገናው ኪስ ያራቁታል።

ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ አስነሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያናብበው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከሌለ የመቀየሪያውን ወጪ ዋጋው ላይ ደምሩት።

ሌላ መኪና ከሌላችሁና መለዋወጫው እንደ ልብ የማይገኝ ሞዴል ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም ባትወስዱት ይሻላል።