አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ብር ቤት መቀየር

መጀመሪያ ዕቃ ቀንሱ። የማትጠቀሙበትን ለቆራሌው ሽጡት፣ የቀረውን ለሚፈልግ ስጡ፤ ዕቃው ካነሰ ትልቅ አይሱዙ መከራየት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ካርቶን አትግዙ፣ የሰፈር ሱቅ ጠይቁ። ልብስ በማዳበሪያ ይገባል፣ ሳህንና ብርጭቆ ደግሞ በፎጣና በአንሶላ ይጠቀለላል።

የብዙ ሰው ብር የሚበላሽበት ቦታ ጫኝና አውራጅ ላይ ነው። መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ የመደራደር አቅም የላችሁም፣ በተለይ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነ። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አዲሱ ሰፈር ሂዱ፣ የተለመደውን ዋጋ ጎረቤት ጠይቁ፣ ፎቁንና ከባድ ዕቃውን ሁሉ ተናግራችሁ ከሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች ጋር ተስማሙ። ፍሪጅና ቁም ሳጥን ለብቻው እንዳይጠየቅባችሁ!

የቤት ኪራይ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ይህንን ሳታውቁ ተበድራችሁ የስድስት ወር እንዳትከፍሉ። ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ባለቤቱ ባለበት ፎቶ አንሱ፣ የቆየ ዕዳ ካለም ያኔውኑ ተነጋገሩበት።

ከገባችሁ በኋላ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፍራሽ፣ ምድጃና መጋረጃ ይበቃል። ሶፋውን ቤቱን ከለመዳችሁት በኋላ ለክታችሁ ግዙ። ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ጥሩ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣም ጠይቁ፤ ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልጋችሁ የምታውቁት ከዚያ ነው።